በመብራት ግሪድ የሚጫወት ሳምፕል ሲኩዌንሰር፦ በተኑ ሲጫን መብራቱ ምን ያሳይ?

ስምንት_በስምንት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። 8 በ8 የሆነ፣ በጠቅላላው 64 በተን ያለው ግሪድ ይዤ ሳምፕል ሲኩዌንሰር (የተቀዱ አጫጭር ድምጾችን በምት ደርድሮ የሚያጫውት መሣሪያ) ልሠራ ተነስቻለሁ። በተኖቹ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሊኮን ናቸው። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ባለ ቀለም ኤልኢዲ አለ። የሚያዘው ቲንዚ 4.1 የሚባል ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ነው። የኤስዲ ካርድ መክተቻው እዚያው ቦርዱ ላይ ስላለ ሳምፕሎቹን ከካርድ አነባለሁ። ኮምፒውተር ሳይፈልግ ለብቻው የሚሠራ ነገር ነው የምፈልገው።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። ከላይ ያሉት ሰባት ረድፎች ሰባት ድምጾች ናቸው። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜ ይሄዳል። የታችኛው ረድፍ ለትእዛዝ ነው፤ ማስጀመር፣ ማቆም፣ መቅዳት፣ ማጥፋት ምናምን። በተን ስትጫን ይበራል፣ ተራው ሲደርስ ድምጹ ይመታል። ድጋሚ ስትጫን ይጠፋል።

እስከዚህ ችግር የለም። የቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ባር (አራት ምት) 16 ስቴፕ፣ ማለትም 16 እኩል የጊዜ ክፍል ነው፣ ዓምዱ ግን 8 ብቻ። ከበሮ መደርደር ብቻም አይበቃኝም፤ የተቀዳ ሉፕ (እየዞረ የሚደጋገም ድምጽ) እየቆራረጥኩ መጫወት እፈልጋለሁ። መብራቱስ ስንቱን ይናገር? የተጫነውን፣ አሁን እየተጫወተ ያለውን፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለሁ… ሁሉንም ላሳይ ካልኩ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ሐሳብ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ዳዮድ_አትርሳ

የመብራቱን ነገር ሌሎች ይነግሩሃል። የኔ ጥያቄ አንድ ነው። በየበተኑ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አድርገሃል?

ለ64 በተን ለየብቻ ሽቦ አይሳብም። 8 የረድፍ፣ 8 የዓምድ መስመር ታደርግና በየተራ ኤሌክትሪክ እየሰጠህ ታነባለህ። 16 ፒን ይበቃል። ጉዱ የሚመጣው ሦስት በተን አንድ ላይ ሲጫን ነው። ረድፍ 1 ዓምድ 1፣ ረድፍ 1 ዓምድ 4፣ ረድፍ 3 ዓምድ 1 ላይ ጣትህን አሳርፍ። ኤሌክትሪኩ በሦስቱ በኩል ዞሮ ይመጣና ረድፍ 3 ዓምድ 4ም የተጫነ ይመስላል። ማንም ሳይነካው! ካልኩሌተር ላይ ይሄ አያሳስብም፤ ሰው ቁጥር የሚነካው አንድ በአንድ ነው። እዚህ ግን አሥር ጣት በአንዴ ሊወርድ ይችላል። በየበተኑ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ ካለ ነገሩ አለቀ።

ሌላው ርግብግቡ ነው። የሲሊኮን በተን ሥር ያለችው የካርቦን ጠብታ ሰሌዳውን ስትነካ አንዴ አጥብቃ አትይዝም፣ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። አንዴ ተጭነህ ሦስቴ ሊቆጥርብህ ይችላል። ብዙ ኮድ ላይ የምታገኘው መፍትሔ «5 ሚሊሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ደግመህ አንብብ» የሚል ነው። ለበር ደወል ይሁን። አንተ ግን መጀመሪያ የነካበትን ቅጽበት ወዲያው ተቀበል። ከዚያ ለ5 ሚሊሰከንድ ያንን በተን አትስማው። ርግብግቡም ይቀራል፣ ጣትህም አይዘገይም።

ረድፍና_ዓምድ

ወዳጄ፣ እኔ እንደማየው አንተ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን በአንድ ሣጥን ልትከት ነው። ክፋት የለውም። ግን ለያይተህ እያቸው።

አንደኛው መንገድ የሮላንድ ቲአር-808 ነው። በ1980 የወጣ ማሽን ነው። 16 በተን በአንድ መስመር ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ የባሩ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። እዚያ ላይ በተኑ ጊዜ ነው። ዘጠነኛውን ትጫናለህ፣ ድምጹን የምትሰማው ማሽኑ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ነው። ይሄ ሥራ መጻፍ ነው፤ ጣትህ ቢዘገይም ቢፈጥንም ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው መንገድ የሞኖም ነው። በ2006 ብራያን ክራብትሪና ኬሊ ኬይን 40ኤች የተባለውን 8 በ8 ግሪድ አወጡ። ፊቱ ላይ አንድ ጽሑፍ የለም። በራሱም ምንም አይሠራም፤ በተን መጫኑን ለኮምፒውተር ይነግራል፣ ኮምፒውተሩ «ይሄን አብራ» ሲለው ያበራል፣ በቃ። ክራብትሪ ለዚህ ግሪድ ኤምኤልአር የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። እዚያ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የተቀዳ ድምጽ ነው። በረድፉ ላይ ያሉት በተኖች የድምጹ ቁራጮች ናቸው። አምስተኛውን ስትጫን ድምጹ ዘልሎ ከግማሹ ይቀጥላል። እዚህ በተኑ ቦታ ነው። ይሄ ደግሞ መጫወት ነው፤ መቼ እንደተጫንክ ሁሉንም ይወስናል።

ሦስተኛም አለ። በ1988 የወጣው፣ ሮጀር ሊን የነደፈው የአካይ ኤምፒሲ60። 4 በ4 የተደረደሩ 16 ፓዶች አሉት፣ እያንዳንዱ ፓድ አንድ ድምጽ ነው። ያንን ለጊዜው ተወው፣ ሰባት ረድፍ ስላለህ አያስፈልግህም።

እንግዲህ ያው አንድ በተን አንዱ ጋ ጊዜ ነው፣ አንዱ ጋ ቦታ፣ አንዱ ጋ ድምጽ። ተጫዋቹ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። ያንን የሚነግረው ደግሞ መብራቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የመብራቱን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አታምጣው፤ ንድፉን ከእሱ ጀምር።

ስምንት_በስምንት

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ነገሩ ተገለጠልኝ። አንድ ነገር ልሞክር። ማሽኑ በሙሉ ሞድ ከሚቀያይር እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ዓይነት ቢኖረውስ? ረድፍ 1 እስከ 4 ስቴፕ፣ 5 እስከ 7 ቁራጭ። ከበሮው ከላይ እየሄደ ከታች ሉፑን እቆራርጣለሁ።

ምሽት_ላይ_ቢት

ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ያዘው። ሞድ የሚቀያይር ማሽን መድረክ ላይ ያዋርዳል። የትኛው ሞድ ላይ እንዳለሽ ረስተሽ ትጫኛለሽ፣ ሌላ ነገር ይፈነዳል። ረድፉ ሁሌም ያው ከሆነ እጅ ራሱ ይለምደዋል።

ወደ መብራቱ ልምጣ። አንተ «በተን ስትጫን ይበራል» ብለሃል። እኔ እዚያ ላይ አልስማማም። በተኑ ጥያቄ ነው፣ መብራቱ መልስ ነው። ሁለቱን አታጣብቃቸው።

ምን ማለቴ መሰለህ። ቁራጭ ረድፍ ላይ ስድስተኛውን ተጫንኩ እንበል። ዝላዩ የሚሆነው ቀጣዩ ስቴፕ ላይ ነው። በተኑ ወዲያው ቦግ ካለ መብራቱ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ድምጹ ገና ሁለተኛው ቁራጭ ላይ ነዋ! እኔ መብራቱን የማየው ድምጹ የት እንዳለ ለማወቅ ነው። ጣቴን የት እንዳሳረፍኩማ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ኮድህ ላይ «በተን ተጫነ» የሚለው ክፍል መብራት እንዳይነካ አድርግ። መብራቱን የሚያዘው ድምጽ የሚያወጣው ክፍል ብቻ ይሁን።

ዳዮድ_አትርሳ

@ምሽት_ላይ_ቢት እኔ ደግሞ እዚህ ላይ አልስማማም 😀 ተጭኜ ምንም ካልበራ አልሰማኝም ብዬ ደግሜ እጫናለሁ። የሲሊኮን በተን እኮ ጠቅ አይልም። በስቴፕ ረድፍ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ጭነት የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። የባሰ ጣጣ።

ምሽት_ላይ_ቢት

እሺ፣ ይሄ እውነት ነው። እንግዲያው መሃል ቤት እንገናኝ፦ «ሰምቼሃለሁ» እና «እየሠራሁት ነው» የተለያየ መብራት ይኑራቸው። ስትጫን ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ዝላዩ ሲፈጸም ሙሉ ይደምቃል። በመሃሉ ያለችው ቅጽበት አጭር ናት፣ ግን ዓይን ይይዛታል።

ለስቴፕ ረድፍ ግን እንዳንተ ይሁን። እዚያ ጥያቄውና መልሱ አንድ ላይ ናቸው። ስቴፑ የተጻፈው ስትጫን ነው፣ ስለዚህ ወዲያው ይብራ።

እኔ ብሆን አራት ነገር ብቻ ነው የማሳየው፤ ባዶ፣ የተጻፈ ወይም የሚጠብቅ (ደብዛዛ)፣ አሁን የሚመታ (ሙሉ)፣ ሄዳጁ ምት የሚያልፍበት ባዶ ቦታ (በጣም ደብዛዛ)። ቀለሙን ለረድፍ ዓይነት ተወው። ስቴፕ ረድፍ አንድ ቀለም፣ ቁራጭ ረድፍ ሌላ ቀለም። አንድ ረድፍ ላይ ሦስት ቀለም ካየሁ ማሰብ እጀምራለሁ፣ ማሰብ ከጀመርኩ ምቱ አመለጠኝ።

ረድፍና_ዓምድ

የእህታችን ሐሳብ ልክ ነው። ሁለት ነገር ልጨምርበት።

አንደኛ፣ ቀለሞቹን ቀይና አረንጓዴ አታድርጋቸው። ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፣ በተለይ ወንዶች። ሰማያዊና ብርቱካናማ ብታደርግ ለሁሉም ይታያል። ከዚያም በላይ ቀለሙን ብታጠፋው እንኳ ማሽኑ በድምቀት ብቻ መነበብ አለበት። የመጀመሪያው ሞኖም ቀለም አልነበረውም። በኋላ የመጡትም ባለ አንድ ቀለም ሆነው በ16 የድምቀት ደረጃ ነው የሚሠሩት። በእነሱ የተሠራው ሙዚቃ የሚናቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የድምቀት ቁጥሩን ግማሽ ብታደርገው ለዓይን ግማሽ አይመስልም። ከ255 ላይ 128 ብትሰጠው ወደ ሙሉው የቀረበ ነው የሚመስለው። ዓይናችን ጨለማው አካባቢ ነው ልዩነት አጥብቆ የሚያየው። ለሦስቱ ደረጃዎች 8፣ 50 እና 255 ብለህ ጀምርና በዓይንህ አስተካክል። ጨለማ ክፍል ውስጥም፣ ቀን ብርሃን ላይም እየው።

አዲስ_ገቢ

ጥያቄዬ ቀላል ከሆነ ይቅርታ። ምቱን ለማስኬድ ሚሊሰከንድ ቆጥሮ መጠበቅ አይበቃም? 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ላይ አንድ ስቴፕ 125 ሚሊሰከንድ ነው፣ ልክ ይመጣል።

ረድፍና_ዓምድ

120 ላይ ልክ ይመጣል። እስቲ 133 አድርገው። 112.78 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሚሊሰከንድ በሙሉ ቁጥር የምትቆጥር ከሆነ ከስቴፕ ስቴፕ ሦስት ሩብ ሚሊሰከንድ እየበላህ ነው።

ትክክለኛው ሰዓት ድምጹ ራሱ ነው። የድምጽ ቺፑ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምጽ ነጥብ) ይወስዳል። ያንን ቁጠር። በ133 ቢፒኤም አንድ ስቴፕ 4,973.68 ናሙና ነው። እዚህም ሽርፍራፊ አለ፣ አየህ። .68ቱን ከጣልከው በ1,000 ስቴፕ ውስጥ 684 ናሙና ይጠፋል፤ 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ማለት ነው። 1,000 ስቴፕ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ብቻህን ስትጫወት አይታወቅህም። ከሌላ ማሽን ጋር ስትሄድ ግን ሁለቱ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሽርፍራፊውን አትጣለው፣ ለቀጣዩ ስቴፕ አስተላልፈው። አንዳንዱ ስቴፕ 4,973፣ አብዛኛው 4,974 ይሆናል፣ ድምሩ ግን አይዛነፍም።

አንድ የቲንዚ ጉዳይም አለ። የድምጽ ላይብረሪው (ዝግጁ ኮዱ) በ128 ናሙና ጥቅል ነው የሚሠራው፣ 2.9 ሚሊሰከንድ ያህል። ስቴፑ የሚያርፈው ግን ጥቅሉ መሃል ነው፣ ናሙና 77 ላይ በለው። ድምጹን ሁሌ ከጥቅሉ መጀመሪያ ላይ ካስጀመርከው አንዱ ምት ትንሽ ይቀድማል፣ አንዱ ትንሽ ይዘገያል። «በዚህ ጥቅል ውስጥ ናሙና 77 ላይ ጀምር» የምትልበት መንገድ አብጅ። ሃይሃት (የከበሮው ጥንድ ጸናጽል) ላይ ልዩነቱ ይሰማል።

ስምንት_በስምንት

ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር። እና መብራቱ ሰዓቱን አያዛባውም? ኤልኢዲዎቹ ደብልዩኤስ2812 ናቸው።

ዳዮድ_አትርሳ

ካላወቅህበት ያዛባዋል። እነዚህ ኤልኢዲዎች በአንድ ሽቦ ተቀጣጥለው ነው መረጃ የሚቀባበሉት። ለአንድ ቢት 1.25 ማይክሮሰከንድ፣ ለአንድ ኤልኢዲ 24 ቢት፣ ማለትም 30 ማይክሮሰከንድ። 64ቱን ለማደስ 1.92 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ቀላሉ ላይብረሪ በዚያ ጊዜ ኢንተረፕት (ፕሮሰሰሩን ለአስቸኳይ ሥራ የሚጠራ ምልክት) ይዘጋል። ሁለት ሚሊሰከንድ ሙሉ ማሽኑ ደንቆሮ ነው። በዲኤምኤ የሚልክ ላይብረሪ ተጠቀም፣ ለቲንዚ አለ። መረጃው ራሱን ችሎ ይወጣል፣ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ይቀጥላል። ደግሞ በሰከንድ 60 ጊዜ ካደስክ ለዓይን ከበቂ በላይ ነው። በየስቴፑ፣ በየጭነቱ አትላክ።

ኃይሉንም አስብበት። አንዱ ኤልኢዲ ሙሉ ነጭ ሲሆን 60 ሚሊአምፔር ይጠጣል። በ64 ስታባዛው 3.84 አምፔር። የዩኤስቢ 2.0 ወደብ የሚሰጥህ 500 ሚሊአምፔር ነው። የእህታችንን ንድፍ ከተከተልክ አብዛኛው ደብዛዛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ትተርፋለህ። ግን «ብዙ ጊዜ» ብለህ ሽቦ አትዘርጋ። ኮዱ ራሱ ድምሩን እየቆጠረ ከጣሪያው እንዳያልፍ አድርግ።

ሦስተኛው ነገር የሚሰማው መድረክ ላይ ነው። ኤልኢዲዎቹ በርተው በጠፉ ቁጥር ኃይሉ ይዘላል። ያ ዝላይ ወደ ድምጹ መስመር ከገባ ስፒከሩ ላይ ቀጭን ሲርርር የሚል ድምጽ ትሰማለህ፣ ግሪዱ በደመቀ ቁጥር ይብሳል። የኤልኢዲውን ግራውንድ (የኃይል መመለሻ መስመር)ና የድምጹን ግራውንድ ለየብቻ ስበህ ኃይሉ የሚገባበት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አገናኝ። ኤልኢዲዎቹ መግቢያ ላይ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስቀምጥ።

ምሽት_ላይ_ቢት

ወንዶች ስለ ሽቦ ስታወሩ ዋናው ነገር ተረሳ 😀 ቁራጭ ረድፍ ላይ ስንዘል «ጭቅ» የሚለውስ? አንዱ ድምጽ መሃል ላይ ተቆርጦ ሌላው መሃል ላይ ሲጀምር የሚሰማው። ከበሮ ላይ ይደበቃል፣ ኪቦርድ ወይም ድምጻዊ ላይ ግን ያስቀይማል።

ረድፍና_ዓምድ

የድምጹ ሞገድ ከላይ ነበረ፣ በአንድ ናሙና ወደ ታች ወረደ። ስፒከሩ ያንን መዝለል ነው «ጭቅ» ብሎ የሚያሰማሽ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ረድፍ ሁለት አንባቢ (ድምጹን ከሜሞሪ የሚያነብ የኮድ ክፍል) ስጠው። አንዱ እየተጫወተ ነው እንበል። ዝላይ ሲመጣ ሁለተኛው ከአዲሱ ቦታ ይጀምርና በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከዜሮ ወደ ሙሉ ይወጣል፤ የመጀመሪያው በዚያው ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል። 5 ሚሊሰከንድ 220 ናሙና ነው። ከዚያ ሚናቸውን ይቀያየራሉ። ከበሮ ያለበት ሉፕ ከሆነ የሚገባውን ድምጽ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ አታለዝበው፣ የምቱ ጫፍ ይደበዝዛል። የሚወጣውን እንደልብህ።

ይሄን ለማድረግ ግን ሳምፕሉ ሜሞሪ ውስጥ መሆን አለበት። በየዝላዩ ኤስዲ ካርድ ላይ ቦታ መፈለግ አይታሰብም፣ ካርዱ ሲፈልግ ይቆማል። ስሌቱ አስፈሪ አይደለም። በ120 ቢፒኤም ሁለት ባር 4 ሰከንድ ነው። በ16 ቢት ሞኖ 352,800 ባይት። ሰባቱም ረድፍ እንዲህ ቢሆን 2.5 ሜጋባይት አይሞላም። ቲንዚ 4.1 ሆዱ ላይ ተጨማሪ ሜሞሪ የሚበየድበት ቦታ አለው፤ አንዱ ቺፕ 8 ሜጋባይት ነው። ሲነሳ ሁሉንም ከካርድ አውጥተህ እዚያ አራግፈው።

ስምንት_በስምንት

ተመዝግቧል። አሁን በጣም የምፈራው ጥያቄ። ቁራጭ ስጫን ቀጣዩን ስቴፕ ይጠብቃል ብለናል። ግን እኔ ልክ ስቴፑ ላይ ልጫን ብዬ ትንሽ ብዘገይስ? በ120 ቢፒኤም 18 ሚሊሰከንድ ብዘገይ ማሽኑ «አለፈህ» ብሎ 107 ሚሊሰከንድ ያስጠብቀኛል። ስሞክረው እጄ የከዳኝ ነው የሚመስለኝ።

ምሽት_ላይ_ቢት

አዎ! ይሄ ነው ርካሽ ግሪድና ጥሩ ግሪድ የሚለየው። ሰው ሁሌ ትንሽ ይቀድማል ወይ ትንሽ ይዘገያል። የቀደመው ሲጠብቅ አይታወቀውም። የዘገየውን ግን ማስጠበቅ የለብህም። ይቅር በለው። ከመስመሩ በኋላ 40 ሚሊሰከንድ ድረስ ከመጣ «ላለፈው ስቴፕ ነው» ብለህ ወዲያው አጫውተው።

ረድፍና_ዓምድ

መልካም፣ ግን ከየት አስጀምረን? ከቁራጩ መጀመሪያ ካስጀመርነው ያ ረድፍ ከሌሎቹ 18 ሚሊሰከንድ ወደኋላ ቀርቶ ይሄዳል። ከቁራጩ ውስጥ 18 ሚሊሰከንድ ገብተን ካስጀመርነው ሰዓቱ ይጠበቃል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

ምሽት_ላይ_ቢት

ሁለተኛውን ከበሮ ላይ ሞክሩትና ንገሩኝ ጋሼ። የኪኩ (የትልቁ ከበሮ) ጥንካሬ ያለው መጀመሪያዎቹ ሚሊሰከንዶች ውስጥ ነው። 18ቱን ከዘለሉት «ዱም» የነበረው «ኡም» ይሆናል። እኔ ለከበሮ ከመጀመሪያው ይጀምር ባይ ነኝ። 18 ሚሊሰከንድ የዘገየ ኪክ ሰው የመታው ይመስላል፤ ጫፉ የተቆረጠ ኪክ ግን ስህተት ነው የሚመስለው።

ረድፍና_ዓምድ

ይሄንን ተቀብያለሁ። ታዲያ ረድፉ ወደኋላ እንዳይቀር ቀጣዩ ቁራጭ ላይ ሲደርስ ወደ ሰዓቱ እንመልሰው። ሁለት ባር በ8 ቁራጭ ሲካፈል አንዱ ቁራጭ አንድ ምት ነው፣ በ120 ላይ 500 ሚሊሰከንድ። ቀጣዩ ምት ሲመጣ በዚያችው አጭር ማለዘብ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይዘላል። ኪኩ ሙሉውን ይመታል፣ መዘግየቱም ከአንድ ምት አያልፍም።

ለኪቦርድና ለድምጻዊ ደግሞ ከውስጥ ይጀምር። ምርጫው የረድፉ ይሁን።

አዲስ_ገቢ

ሉፑ የተቀዳው በ100 ቢፒኤም ሆኖ ማሽኑ 120 ላይ ቢሆንስ? ይጣጣማል?

ምሽት_ላይ_ቢት

ሁለት መንገድ አለ። አፍጥነህ ታነበዋለህ፣ 1.2 እጥፍ፤ ድምጹም ከሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ቃና) ትንሽ በላይ ይቀጥናል። ወይም ፍጥነቱን ሳትነካ በየምቱ ቁራጩን ታስጀምረዋለህ። 100 ላይ አንድ ምት 600 ሚሊሰከንድ ነበረ፣ አሁን 500 ነው፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ የመጨረሻ 100 ሚሊሰከንድ ይቆረጣል። ከበሮ ላይ ደስ የሚል ችኮላ ይሰጠዋል። የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማሽኑ ከሉፑ ከዘገየ፣ በየቁራጩ መጨረሻ ክፍተት ይፈጠራል፤ ያ ብዙም አያምርም። ድምጹ ሳይቀጥን ጊዜውን የሚዘረጋ ስሌትም አለ። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አትግባበት።

ስምንት_በስምንት

እሺ። የ16ቱ ስቴፕ ነገር ቀረ። በሁለት ገጽ ላደርገው ነው። ምቱ ስቴፕ 9 ላይ ሲደርስ ግሪዱ ራሱ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይገለበጣል፣ ሲመለስ ይመለሳል።

ምሽት_ላይ_ቢት

ኧረ እንዳታደርገው! ስቴፕ 7ን ልጫን ጣቴ አየር ላይ እያለ ገጹ ቢገለበጥ የተጫንኩት 15 ሆነ። በ120 ቢፒኤም ግማሽ ባር አንድ ሰከንድ ነው። በየሰከንዱ ከጣቴ ሥር መሬት የሚከዳ ማሽን አልጫወትም። ገጽ የሚገለበጠው እኔ ስገለብጠው ብቻ ነው። ምቱ ሌላኛው ገጽ ላይ መሆኑን የገጽ በተኑ ብልጭ እያለ ይንገረኝ፣ ይበቃኛል።

ዳዮድ_አትርሳ

ወይም ለአንድ ድምጽ ሁለት ረድፍ ስጠው። አራት ስቴፕ ረድፍ ስላለህ ሁለት ድምጽ ብቻ ይደርስሃል ግን።

ረድፍና_ዓምድ

ገጹ ይሻላል። ለየረድፉም ርዝመት ስጠው። አንዱ ረድፍ በ16 ሌላው በ12 ቢዞር፣ ተመልሰው አንድ ላይ የሚገናኙት ከ48 ስቴፕ በኋላ ነው። ከጥቂት በተን ሳይደጋገም ረጅም የሚሄድ ነገር ታገኛለህ። ለ6/8 ምትም 12ቱ ይጠቅምሃል። ርዝመት ማስቀመጫው ቀላል ይሁን፤ የትእዛዝ በተኑን ይዘህ የመጨረሻውን ስቴፕ መጫን።

የኤምፒሲው ሊን ስሙ የተነሳበትን ስዊንግም (ሁለተኛውን ስቴፕ ትንሽ ማዘግየት) አትርሳ። ሁለት ተከታታይ ስቴፕ በ120 ላይ 250 ሚሊሰከንድ ነው። 50 በመቶ ካልከው ሁለተኛው መሃል ላይ፣ 125 ላይ ይወድቃል። 58 ካልከው 145 ላይ። የ20 ሚሊሰከንድ ልዩነት ናት፣ ግን ሰውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ሄዳጁ መብራትም አብሮ ስዊንግ ያድርግ። ድምጹ ዘግይቶ መብራቱ ቀጥ ብሎ ከሄደ መብራቱን ማመን ይቀራል።

አዲስ_ገቢ

እኔም መሞከር አማረኝ። ሶልደር ሳልገዛ የምጀምርበት መንገድ አለ?

ዳዮድ_አትርሳ

የኖቬሽን ላውንችፓድ (ባለ መብራት የበተን ግሪድ) ካገኘህ ይበቃሃል። በአዲሶቹ ላይ ፕሮግራመር ሞድ የሚባል አለ። እዚያ ላይ በተን ስትጫን ለኮምፒውተሩ የሚዲ ኖት (የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት መልእክት) ይልካል፣ በራሱ ግን አይበራም። አንተ ኖት መልሰህ ስትልክለት ነው የሚበራው። እዚህ ክር ላይ የተባለውን የመብራት ንድፍ በሙሉ በኮምፒውተር ላይ መሞከር ትችላለህ። ግሪድም ከሌለህ ወረቀት ላይ 64 ካሬ ሥልና እርሳስ ይዘህ «አሁን ይሄን ብጫን ምን ይበራል?» እያልክ ተጫወተው። ግማሹ የንድፍ ችግር እዚያው ወረቀቱ ላይ ይታያል።

ስምንት_በስምንት

ወረቀቱን ዛሬ አደርገዋለሁ። እስካሁን የያዝኩት፦ ረድፍ 1 እስከ 4 ስቴፕ፣ 5 እስከ 7 ቁራጭ፣ ሁለት አንባቢ በየቁራጭ ረድፉ፣ ገጽ በእጅ፣ ይቅርታ 40 ሚሊሰከንድ፣ ሁለት ቀለም፣ መብራቱን የሚያዘው የድምጹ ክፍል ብቻ። ዳዮዶቹ ገብተዋል @ዳዮድ_አትርሳ፣ አይዞህ።

አንድ የቀረኝ ነገር። ማሽኑ ሲቆም ሄዳጁ መብራት የት ይሁን? ስቴፕ 1 ላይ ይመለስ ወይስ የቆመበት ይቆይ?

ምሽት_ላይ_ቢት

የቆመበት ይቆይ፣ ደብዝዞ። ማቆሚያውን ድጋሚ ስጫነው ወደ 1 ይመለስ። ቁራጭ ረድፎቹ ላይ ግን ሲቆም ሄዳጁን ሙሉ በሙሉ አጥፋው፤ እዚያ ቆሜም ቢሆን ቁራጭ እየነካሁ መስማት ስለምፈልግ፣ የሚበራው የነካሁት ብቻ ይሁን።